ማሽኗ እስክትቆም

ማሽኗ ውኃዋን ጠጣች፣ ሆዷን አዞረች፣ ማሞቅ ጀመረች። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ «ጧ!» አለ።

መብራቱ አልጠፋም። ሬዲዮው አልተቋረጠም። የቆመችው ማሽኗ ብቻ ናት።

«ጣለ!» አለች እትዬ በረኪና፣ ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው። እጇን በሽርጧ አበሰችና ወደ ኮሪደሩ ሄደች። ከበሩ ጀርባ ያለውን ነጭ ሳጥን ከፍታ ቀይ ነጥብ ያለበትን ብሬከር ወደ ላይ መለሰችው። ማሽኗ ጓዳ ውስጥ ሆና እንደገና አጉረመረመች። ሴትየዋ ከኮሪደሩ ሳትነቃነቅ፣ ክንዷን አጣምራ፣ ሳጥኑን እንደ ተጠርጣሪ እያየች ጠበቀች። ብዙም አልቆየም።

ጧ!

እትዬ በረኪና እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። ያወጣላት ሰፈሩ ነው። አንድም እጇ ሁልጊዜ በረኪና በረኪና ስለሚሸት፣ አንድም ምላሷ ያገኘውን ሁሉ ስለሚያነጣ። ሥራዋ የሰው ልብስ ማጠብ ነው። እናትና አባቷ ተከታትለው ሲሞቱ ታናሽ እህቷ ተማሪ፣ ታናሽ ወንድሟ ገና ጥርሱን የሚነቅል ልጅ ነበሩ። ሁለቱንም በሳፋ ዳር አሳደገቻቸው። ልጁን ቴክኒክ ትምህርት ቤት አስገብታ ኤሌክትሪሲያን አደረገችው። ዛሬ ግንባሩ እስከ አናቱ ተመልጦ የራሱ ሠራተኞች ቢኖሩትም እሷ የምትጠራው በዚያው በልጅነት ስሙ ነው፦ ጩጬ።

ባልም ነበራት። ትቷት ሲሄድ ሰፈሩ «ጣላት» እያለ ከንፈር መጠጠ። «ብሬከርም ይጥላል» አለች እሷ፤ «እሱን ግን መልሼ አነሳዋለሁ። ያኛውን አላነሳውም።» ከዚያ ወዲህ ስለ ባሏ የጠየቃት የለም።

ማሽኗ የገባችው ባልየው በወጣ ሰሞን ነው። ትልቅ፣ ከባድ፣ ከተዘጋ ሆቴል የተገዛች። ጓዳው ድረስ የራሷን መስመር የዘረጋላት ጩጬ ነበር፤ ያኔ ተማሪ ነው። ሳጥኑ ውስጥ የራሷን ብሬከር ሲገጥምላት እትዬ በረኪና የታናሽ እህቷን የጥፍር ቀለም አምጥታ በላዩ ላይ ቀይ ነጥብ አደረገችበት፤ ማንም በስህተት እንዳያወርደው። ቀለሙ ሳይደርቅ አውራ ጣቷ ነክቶት ነጥቡ ወደ ጎን ተዘረጠጠ። «እታለም፣ ጥፍርሽን ተቀብተሽ የማታውቂውን ለብሬከር ትቀቢያለሽ?» ብሎ ሳቀባት። እሷም ሳቀች። ከዚያች ቀን ጀምሮ የእንግዳ ማረፊያው አንሶላ፣ የሠርግ ጠረጴዛ ልብስ፣ የመካኒኮች ቱታ ሁሉ በዚያች ማሽን አለፈ።

አሁን ግን ጥላለች። ጓዳው ውስጥ የእንግዳ ማረፊያው አንሶላ ተቆልሏል።

መጀመሪያ የሞከረችው ማንም ሰው የሚሞክረውን ነው። ካውያውን ነቀለች። ጣለ። ፍሪጁን ነቀለች። ጣለ። ሶኬቱን አውጥታ አየችው፤ አልጠቆረም፣ አይሸትም። ልብሱን ቀነሰች። ባዶዋን አስነሳቻት። ባዶዋንም ጣለ። በመጨረሻ ሙቀቱን አጥፍታ በቀዝቃዛ ውኃ አዘዘቻት። ማሽኗ ምንም እንዳልተፈጠረ እየዘፈነች እስከ መጨረሻው አጠበች።

«አሃ» አለች እትዬ በረኪና። «ሙቅ ነው የጠላሽው።»

የእንግዳ ማረፊያው አንሶላ ደግሞ በቀዝቃዛ ውኃ አይጠራም። የሰው ላብ፣ የሰው ቅባት ነው። ድስት ደርድራ ምድጃ ላይ ውኃ አፈላች፣ በባልዲ እየቀዳች በእጇ አጠበች፤ እንደ ድሮው። አመሻሽ ላይ ወገቧ አልቃና አለ።

እህቷ የደወለችው የዚያኑ ዕለት ነው። ከሰላምታው በኋላ «ማሽኗስ እንዴት ናት?» አለች።

«ማሽኗ? ደህና ናት። ምነው?»

«እንዲያው ነው። ለመጠየቅ ያህል።»

እህትየዋ የእህቷን ወገብ እንኳ ጠይቃ አታውቅም። እትዬ በረኪና ስልኩን ዘግታ ትንሽ ተገረመች፤ ከዚያ ድስቱ ፈላና ረሳችው።

ነገሩ የተጀመረው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ቤቱ የወላጆቻቸው ነው፤ የሦስቱም ስም አለበት። አንድ ሰው መጥቶ ሊገዛው ጠየቀ። ሊያፈርሰውና ፎቅ ሊሠራበት ነው። እህትና ወንድም ሳሎን ተቀምጠው «እንሽጠው» አሉ። እትዬ በረኪና ሻይ እየቀዳች ነበር።

«እኔስ?»

«አንቺማ ከእኔ ጋር ትኖሪያለሽ» አለች እህቷ። «ዕረፍት አያምርሽም?»

«ያንቺን ልጆች እየጠበቅኩ? ዕረፍት እሱ ነው?»

«እንግዲህ ዕድሜ ልክሽን ልብስ ስትፈትጊ ልትኖሪ ነው?»

ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። «ስሙኝ፤ አንዴ ነው የምናገረው። ይህቺ ማሽን እስክትቆም ከዚህ ቤት አልወጣም። ስትቆም ጥሩኝ፣ እፈርማለሁ።»

«ማሽን አግብተሻል እንዴ?» አለች እህቷ።

«ካንቺ ባል ትሻላለች። እሷ ቢያንስ ታጥባለች።»

ጩጬ እስኪያስለው ሳቀ። «በቃ እሺ እታለም፣ ማሽኗ እስክትቆም» አለና እጁን ዘረጋላት። ተጨባበጡ። እሷ ክርክሩ በቀልድ ያለቀ መሰላት። በሳምንቱ ጩጬ የሥራ ሻንጣውን አንጠልጥሎ መጣ። «እዚህ ሠፈር ኃይሉ ከፍ ዝቅ እያለ የሰው ዕቃ እያቃጠለ ነው፤ ሳጥንሽን ልፈትሽልሽ» አላት። ደስ አላት። እንቁላል ጠበሰችለት። እሱ ኮሪደሩ ላይ በካቻቢቴው ሲሠራ እሷ ጓዳ ሆና ስለ ልጆቹ ትጠይቀው ነበር።

መጣል የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። አላገናኘችውም። ወንድም ሳጥን ሲፈትሽ ከብልሽት ጋር የሚያገናኝ ምን ሰው አለ?

እንዲያውም መጀመሪያ የደወለችው ለእሱ ነው።

ጩጬ ከሥራ በቀጥታ መጣ። ማሽኗን አስነሳት፣ ጆሮውን ጎኗ ላይ ለጥፎ እንደ ሐኪም አዳመጠ። ብሬከሩ ጣለ። ራሱን ነቀነቀ።

«ኤለመንቱ ነው፤ ውኃ የሚያሞቀው ብረት። ኮንታክት ፈጥሯል።»

«ይቀየራል?»

«የዚህ ዓይነት ዕቃ አሁን አይገኝም። አርጅታለች እታለም፤ ምን ታደርጊያታለሽ።» ማሽኗን ጀርባዋን ሁለቴ መታ መታ አደረጋት፤ ሰው የሞተበትን እንደሚያጽናኑት። እትዬ በረኪና ዓይኗ እንባ አቀረረ። ያስለቀሳት ማሽኗ ሳትሆን የእሱ እጅ ናት።

የእንግዳ ማረፊያው ተቆጣጣሪ በማግስቱ ብቅ አለች። ወጣት ናት፤ ጫማዋ እርጥቡን ወለል እንዳይነካ በጣቷ ጫፍ ነው የምትረግጠው። አንድ አንሶላ ዘርግታ በብርሃን አየችው።

«እትዬ፣ ይሄ እንደ ድሮው አይደለም።»

«ማሽኗ ትንሽ አሟት ነው።»

«እኔ አዝናለሁ፤ አለቃዬ ግን አያዝንም። አዲስ የተከፈተ ላውንደሪ በየቀኑ እየደወለ ነው።» ወደ በሩ እየሄደች ጨመረች፦ «እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ልያዝልዎት።»

የዚያን ቀን እትዬ በረኪና በወንድሟ ላይ ሌላ ሰው ጠራች። ይህም አሳፍሯት ነበር፤ ለጩጬ ሳትነግረው ነው የጠራችው። የመጣው የልብስ ማጠቢያና የፍሪጅ ጠጋኝ ነው። በዕድሜ ይበልጣታል፤ ሲሠራ ከራሱ ጋር ያወራል፤ ሰው ሲያናግረው ደግሞ አይሰማም። የማሽኗን ጀርባ ፈታ፣ ቴስተሩን ኤለመንቱ ላይ አደረገ፣ አየ፣ እንደገና አደረገ።

«ማነው ኮንታክት ነው ያለሽ?»

«ሰው ነው።»

«ሰውየው ዓይኑን ይታይ። ይሄ ብረት ከእኔ ጤነኛ ነው።»

«ታዲያ ጋሼ፣ ለምን ትጥላለች?»

«እሷ ናት ወይስ ቤቱ? መጀመሪያ እሱን እንለይ።» በግድግዳ ወደሚዋሰናቸው ፀጉር ቤት በመስኮት ጮኸ። «አንተ! ሶኬት አበድረን!»

ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ ወጣ። ወፍራም ኤክስቴንሽን በመስኮት አሳልፈው ከእሱ ቤት ሰኩ። ግማሽ ፀጉሩ የተቆረጠ ደንበኛ ፎጣ አንገቱ ላይ እንዳለ ተከትሎ መጣ። ማሽኗ ውኃ ጠጣች፣ ዞረች፣ ማሞቅ ጀመረች። አራቱም፣ ሽንት ቤት በር ላይ እንደቆመ ሰልፈኛ፣ ጠበቁ። መስታወቷ ጉም ለበሰ። እንፋሎት በጎኗ ወጣ።

«አልጣለም» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«አይጥልም አልኩ እኮ» አለ ጠጋኙ፤ ምንም አላለም ነበር።

«እትዬ፣ የእርስዎ ማሽን እኛ ቤት መሥራት ከወደደች ትቀመጥ፤ ፀጉር ታጥባለች።»

«መጀመሪያ የያዝከውን ሰው ጨርስ፤ በአንድ ጎን ሊሄድ ነው» አለች። ከብዙ ቀን በኋላ ሳቀች። የዚያን ቀን የእንግዳ ማረፊያው አንሶላ በሙሉ በፀጉር ቤቱ መስመር ታጠበ። ግን ለእሷ ሽቦ ተብሎ የፀጉር ቤቱ መስኮት ዕድሜ ልክ ተከፍቶ አይኖርም።

ማታ ለጩጬ ደወለች፤ የምሥራች ለመንገር። ማሽኗ ጤነኛ ናት!

«ጤነኛ?» አለ ጩጬ። ከዚያ «እንደዚያ ከሆነ ችግሩ የባሰ ነው» አለ። «መስመሩ ነው ማለት ነው። ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ተልጧል።»

«አንተ አይደለህ የዘረጋኸው?»

«ተማሪ ነበርኩ እኮ እታለም። ደግሞ ዘመኑን አስቢው። ይሄ ቤት አንድ ቀን ተኝተሽ ያነድሻል። እኔ እሱን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

«ሌላ ሽቦ ብትዘረጋስ?»

«ግድግዳው በሙሉ ይፈርሳል። የሚፈርስ ከሆነ ደግሞ…» አልጨረሰውም። መጨረሱን ለእሷ ተወላት።

እትዬ በረኪና ሳትተኛ አደረች። ያሳደገችው ልጅ እንቅልፍ አይወስደኝም ብሏታል። ጠዋት መልሳ ደወለችለት። «እሺ ጩጬ። ቅዳሜ ሰውየውን ይዛችሁት ኑ። እፈርማለሁ።» «እሺ እታለም» አለ እሱ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ።

ዓርብ ቤቱን አጸዳች። ቤቱ ሊፈርስ ነው፤ ግን የሚገዛው ሰው ሊያየው ይመጣል፣ ቆሻሻ ቤት ሸጠች እንድትባል አትፈልግም። ወለሉን ፈተገች፣ መስኮቱን አበሰች፣ የበሩን እጀታ አበሰች። ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ እንደምታደርገው ዋናውን ብሬከር አወረደች፣ በረኪና የነካውን ጨርቅ ጥብቅ አድርጋ ጨምቃ የሳጥኑን ክዳን፣ ከዚያ የብሬከሮቹን ፊት አንድ በአንድ ጠረገች።

ቀይዋ ነጥብ ጨርቁ ላይ ቀረች።

ቆመች። ጨርቁን አየች፤ ሐምራዊ የመሰለ እድፍ፣ ዓይኗ እያየ ወደ ቢጫ የሚለወጥ። ብሬከሩን አየች፤ ነጭ ሆኗል። ይህን ሳጥን ስንት ጊዜ በበረኪና እንዳበሰችው አይቆጠርም። የጥፍር ቀለም በረኪና አይነካውም። ይህን ማንም ሰው ባያውቅ እሷ ታውቃለች፤ እንጀራዋ ነው፤ የሴቶች ትራስ ልብስ ላይ የተጋባ የጥፍር ቀለም ስንት ጊዜ አስለቅሷታል። በረኪና ፊት የማይቆም ማርከር ነው።

ደግሞ ነጥቧ ክብ ነበረች። ጥርት ያለች ክብ። የእሷ ነጥብ ወደ ጎን የተዘረጠጠች ናት፣ የአውራ ጣቷ መስመር ያለባት። እንዴት እስከዛሬ አላየችውም? ቀይ መሆኗን እንጂ መልኳን ማን ያያል።

ብሬከሩ ላይ የተጻፈውን ለማንበብ መነጽሯን አመጣች። ከጎኑ ያሉት ላይ ያለውንም አነበበች። ከዚያ ለጠጋኙ ደወለች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የማሽኗ ብሬከር ላይ ስድስት ይላል።»

«ስንት?»

«ስድስት!»

«ስድስት አምፔርማ የአምፖል ነው! ማሽን ሙቅ ውኃ ስታነሳ ያንን እንዴት ይችለዋል? ሃያ ነው የሚገባው። መጀመሪያውኑ ስድስት ቢሆን ኖሮ አንድ ቀንም አትሠራም ነበር።» ከዚያ «ማነው የገጠመው?» አለ።

«ሽቦውስ? ተልጦ ቢሆን?»

«ሽቦው ደህና ነው፣ በቀዝቃዛ ትሠራለች አላልሽም? መጥቼ ልቀይርልሽ?»

«አይምጡ» አለች። «የገጠመው ራሱ ነገ ይቀይረዋል።»

ስልኩን ዘግታ ኮሪደሩ ላይ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እንቁላሉ ትዝ አላት። ሁለት ጠብሳ ሦስተኛ የጨመረችለት።

ቅዳሜ እህትና ወንድም ከገዢው ቀድመው መጡ። እህትየዋ ጥሩ ልብስ ለብሳለች። ጩጬ የሥራ ሻንጣው ትከሻው ላይ ነው፤ ከሥራ ነው የመጣው። እትዬ በረኪና ሻይ አልቀዳችም።

«ጩጬ፣ ሻንጣህን ክፈት።»

«ምን ጠፋብሽ?»

«ብሬከር።»

ሳቀ፤ ሳቁ ግን ግማሽ ላይ ቆመ። እሷ ሻንጣውን ከትከሻው ወስዳ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ታውቀዋለች። ጩጬ በልጅነቱ የተቃጠለ አምፖል እንኳ አይጥልም ነበር፤ ከአልጋው ሥር ያከማቻል። ዛሬም የሚሠራ ዕቃ መጣል አይሆንለትም። ብሎን፣ ቴፕ፣ ቁርጥራጭ ሽቦ፣ ፒንሳ፣ ማርከር፤ ከሥራቸው ወደ ጎን የተዘረጠጠ ቀይ ነጥብ ያለበት ብሬከር ወጣ። አነሳችውና አውራ ጣቷን ነጥቡ ላይ አደረገች። ልክ ገባ።

እህትየዋ «እኔ የለሁበትም» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

«የማሽኗን ጤና ስትጠይቂኝ ነው የሌለሽበት?»

እህትየዋ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«እታለም፣ ስሚኝ» አለ ጩጬ። «ምንም አልጎዳሁም። ማሽኗን አልነካሁም፣ ሽቦ አልቆረጥኩም። ስድስት አምፔር ሰው አይገድልም፣ እንዲያውም ጥንቃቄው ይበልጣል። በዚህ ዕድሜሽ ባልዲ ስትሸከሚ ማየት ስለማልችል ነው።»

«ባልዲ ያሸከምከኝ አንተ ነህ። በዚህ ሰሞን።»

«አንቺ ነሽ ያልሽው። ማሽኗ እስክትቆም ብለሻል። ተጨባብጠናል።»

«እስክትቆም አልኩ እንጂ አቁማት አልኩ?»

ጩጬ የተዘረገፈውን ብሎን መልቀም ጀመረ።

«ጀርባዋን መታ መታ ስታደርግላት አይቼህ አልቅሻለሁ» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ሳጥኑን ለሌላ ሰው ከፍቼ አላውቅም። ቤቱ ያነድሻል ስትለኝ አመንኩህ። ማሽኗ በራሷ ቆማ ቢሆን ኖሮ ቃሌን አላጥፍም ነበር። ትንሽ መጠበቅ አቅቷችሁ ነው።» ብሬከሩን ዘረጋችለት። «ግጠመው።»

ጩጬ ዋናውን አወረደ። ዓይኑን ታስሮ የሚፈታው ብሎን ሁለቴ ወደቀበት። ሲጨርስ እሷ ጓዳ ገብታ ማሽኗን ልብስ ሞልታ በጣም በሚሞቀው አዘዘቻት። ሦስቱም ኮሪደሩ ላይ ቆሙ። ውኃ ገባ። ሆዷ ዞረ። ማሞቅ ጀመረች። መስታወቷ ጉም ሲለብስ ከጓዳው የሳሙና ሽታ ወጣ።

አልጣለም።

በሩ ተንኳኳ። ገዢው ነው፤ ወረቀቱን በብብቱ ይዞ ፈገግ ብሎ ቆሟል። እትዬ በረኪና በሩን በግማሽ ከፈተች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ማሽኗ አልቆመችም» አለችው።

«የቷ ማሽን?» አለ ሰውየው።

«እነሱ ይነግሩዎታል» አለች፤ ሁለቱን ወደ ውጭ እያሳለፈቻቸው። ጩጬ የመጨረሻው ነበር። ደጃፉ ላይ «እታለም» አለ። እሷ መዳፏን ዘረጋች። ምን እንደምትፈልግ ሳይገባው አያት። «የቤቴን ቁልፍ» አለችው። ከቁልፍ ማንጠልጠያው ፈትቶ ሰጣት።

የተሰጣት ጊዜ አልፎ ነበርና እንግዳ ማረፊያው ከሰኞ ጀምሮ አንሶላውን ለአዲሱ ላውንደሪ ሰጠ።

ማሽኗ የቆመችው ከሁለት ክረምት በኋላ ነው፤ ሆዷን የሚያዞረው ብረት ተበልቶ። ጩጬ ከሰው ሰምቶ ደወለ። ስልኩ አልተነሳለትም፤ እትዬ በረኪና ጓዳ ውስጥ ከጠጋኙ ጋር አዲሷን ማሽን እያስገባች ነበር።